የጨዋ ልጅ በአብነት ቤት ደጅ፤ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የቀረበ ሐተታ

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ አገር፣ በፋርጣ፣ በጋይንትና በእስቴ፣ የቤተ ክህነት ሰዎች ሕዝቡን በሁለት ከፍለው መጥራት የቈየ ልማዳቸው ነው፤ አንደኛው የካህን ቤት፣ ሁለተኛው የጨዋ ቤት ይባላል። በዚህ አነጋገር ጨዋ ማለት በከተማ እንደሚነገረው ምግባሩ ያማረ ማለት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ያልተማረ፣ በእርሻው ወይም በንግዱ የሚኖር ሰው ማለት ነው። የካህን ልጅ አብነት ቤት ቢገባ የሚደነቅ የለም፤ አባቱ የሄደበትን መንገድ ይሄዳልና። የጨዋ ልጅ ግን ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከመምህር ደጅ በቆመ ጊዜ ጥያቄ ይነሣል፤ ማን ላከው? ስለ ምን ላከው? ቤቱ የማያውቀውን ሸክም ልጁ እንዴት ይሸከመዋል?

ይህ ጥያቄ መልኩን ለውጦ ዛሬም አለ። በከተማ የሚኖር የተማረ ሰው፣ ራሱ ቤተ ክርስቲያን የሚስምበት ቀን በዓመት የሚቈጠር ሆኖ ሳለ፣ ልጁን ግን የሃይማኖት ትምህርት ቤት ለማስገባት ሲደክም ይታያል። ምክንያቱን ቢጠይቁት ሥነ ሥርዐት ይማርልኝ ብዬ ነው ይላል። ካህኑ ይህን ሲሰማ ሁለት ሐሳብ ይመጣበታል፤ በአንድ ወገን ልጅ በመገኘቱ ደስ ይለዋል፣ በሌላ ወገን ደግሞ ቤቱ የማይጸልየውን ጸሎት ልጁ ቢያጠና ምን ይጠቅመዋል ብሎ ይጠራጠራል። ስለዚህ ጉዳይ በዐማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች መካከል ብዙ የሚያስተምረው፣ ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ ተብሎ የማይነበበው መጽሐፍ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ በብዙ እጅ ተነቧል፤ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስላነበበው ፊደል ያልቈጠረው ሕዝብ እንኳ ታሪኩን በጆሮው ተምሮታል። አንባብያን ብዙውን ጊዜ የሚያመሰግኑት ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር፣ ሁለተኛው ጉዱ ካሣ የዘርን ትዕቢትና ያረጀውን ሥርዐት ስለሚገሥጽበት ንግግር ነው። ሁለቱም ምስጋና የተገባ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የቤቱን ግድግዳና ጣራ አይቶ ማመስገን ነው፤ መሠረቱ ግን ከዚያ በታች ነው። መሠረቱም አንድ ሕፃን ሳይጠየቅ ለቤተ ክርስቲያን ትምህርትና አገልግሎት መሰጠቱ ነው። ያ ባይሆን በዛብህ ዲማ ባልደረሰ፤ ዲማ ባይደርስ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ባልገባ፤ ከዚያ ቤት ባይገባ የመጽሐፉ ስም ባልተሰየመ ነበር።

ታሪኩ የጎጃም ታሪክ ነው፤ ከማንኩሳ ተነሥቶ ዲማ ጊዮርጊስ ይደርሳል። ነገር ግን የአብነት ትምህርት አገር በወንዝ አይከፈልም። የፋርጣና የጋይንት ተማሪ ለቅኔ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ይሄዳል፤ የጎጃሙ ተማሪ ደግሞ ድጓውን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ለማስመስከር ወደ ዙር አምባ ይመጣል። የአንዱ አገር መምህር የሌላው አገር ተማሪ የነበረ ነው። የመጽሐፉ ደራሲም ይህን መንገድ የሚያውቁት ከውስጥ ነው፤ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ከካህን አባት ተወልደው፣ በልጅነታቸው በቅኔ ቤት አልፈው፣ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው የዘመኑን ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ከካህን ቤት የተወለዱ ሆነው የጨዋ ቤት ልጅ ታሪክ ጻፉ። ስለዚህ የበዛብህ ነገር በደብረ ታቦርና በጋይንት ሚዛን ቢመዘን ሚዛኑ እንግዳ አይሆንበትም።

የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱና እናቱ ውድነሽ በጣሙ በዘር የማይቈጠሩ፣ በጉልበታቸው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ልጃቸው በሕፃንነቱ በሕመም በተጨነቀ ጊዜ ሌላ መድኀኒት ስላጡ ለእግዚአብሔር ተሳሉ፤ ልጁ ቢድን ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን ሲያገለግል እንዲኖር ብፅዓት ገቡ። ልጁ ዳነ፤ ብፅዓቱም በልጁ ላይ ጸና። እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ሃይማኖት የሌላቸው ናቸው ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ያለ ሃይማኖት ብፅዓት የለም። ነገር ግን ነገሩን አንድም እያሉ ለሚመረምሩ ሰዎች ሁለት ትርጓሜ ይታያል። ልጁን የሰጡት ስለ እግዚአብሔር ፍቅር ነው፤ አንድም ልጁን የሰጡት ስለ ልጁ ፍቅር ነው። የመጀመሪያው ሰም ሁለተኛው ወርቅ ነው። ቦጋለና ውድነሽ የፈለጉት ካህን አልነበረም፤ የፈለጉት በሕይወት የሚኖር ልጅ ነበር። ክህነቱ የልጁ ሕይወት ዋጋ ሆኖ ተከፈለ፤ ዋጋውንም የከፈሉት ከራሳቸው ገንዘብ ሳይሆን ከልጁ ዕድሜ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከመጽሐፈ ሳሙኤል የተሻለ ምስክር አይገኝም። ሐና መካን በነበረች ጊዜ ወንድ ልጅ ብታገኝ ለእግዚአብሔር ልትሰጠው ተሳለች፤ ጡት በጣለም ጊዜ ወደ ሴሎ ወስዳ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው። እስከዚህ ድረስ የሐናና የውድነሽ ነገር አንድ ይመስላል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ሳሙኤል በመቅደስ ተኝቶ ሳለ ራሱ በስሙ ተጠራ፤ ዔሊ የጠራው መስሎት ሦስት ጊዜ ወደ እርሱ ሮጠ፤ በመጨረሻ ግን ራሱ መለሰ። እናቱ ሰጠችው፤ የመለሰው ግን እርሱ ነው። መምህሩ ዔሊም የሚደነቀው ልጁን በመቀበሉ ብቻ አይደለም፤ የጠራው እርሱ አለመሆኑን ዐውቆ ልጁን ወደ ጠራው በመስደዱ ነው። በዛብህ ግን ተሰጠ እንጂ የሚጠራበትን ሌሊት የጠበቀለት የለም። ጥሪ የመጣው ካደገ በኋላ ነበር፤ የመጣውም በሰብለ ወንጌል በኩል ነው። በመጣ ጊዜም የወላጆቹ ብፅዓት ተነሥቶ ኅሊናውን ያዘው። እርሱ ያልገባውን ቃል አፍራሽ ሆኖ ራሱን ከሰሰ። የመጽሐፉ ታላቅ ሐዘን ከዚህ ላይ ነው፤ ሰው ራሱ በበደለው ቢጨነቅ የተለመደ ነው፤ በዛብህ ግን ሌሎች በፍቅር ባሰሩት እስራት ተጨነቀ። ዮፍታሔ በተሳለው ስለት የሞተችው ሴት ልጁ እንደ ሆነች መጽሐፈ መሳፍንት የሚያነቡ ሁሉ ያውቃሉ፤ ስለትን የሚሳል አፍ አንድ፣ የሚከፍል አካል ሌላ ሲሆን ነገሩ እንዲህ ያለ ፍጻሜ ያገኛል።

ደራሲው ግን ጥበባቸው አንድ ቤት በማሳየት አላበቃም። ከቦጋለ ቤት ትይዩ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት አቆሙ። ይህ ቤት በውጭ ሲያዩት የክርስቲያን ቤት ነው፤ በዓሉም ጾሙም አይጐድልበትም። የሚያመልከው ግን ዘሩን ነው። ፊታውራሪ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለዘራቸው የሚመጥን ባል አጣሁላት እያሉ አስቀርተዋታል፤ ማንበብና መጻፍ እንድትማር ባሰቡ ጊዜም የቅኔ መምህሩን በዛብህን ወደ ቤታቸው አስገቡት። ትምህርቱን የፈለጉት ለምንድን ነው? እንደ ካባ፣ እንደ ወርቅ፣ እንደ በቅሎ ዕቃ፣ የልጃቸውን ክብር የሚጨምር ጌጥ እንዲሆን ነው። መምህሩ ትምህርቱን ይዞ ሲገባ ደስ አላቸው፤ ሰውነቱን ይዞ መግባቱ በታወቀ ጊዜ ግን ቤቱ ታወከ።

እንግዲህ ሁለቱ ቤቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መጽሐፉ የሚናገረው ይታያል። ድኻው ቤት ልጁን ለትምህርት ሰጠ፤ ባለጠጋው ቤት ትምህርትን ወደ ልጁ አስመጣ። አንዱ በፍርሀት፣ ሌላው በኩራት አደረገው። አንዱ ቤት እጅግ ሃይማኖተኛ ነው፤ ሌላው ሃይማኖቱ ከልማድ አያልፍም። በሁለቱም ቤት ግን አንድ ነገር ጐደለ፤ ልጁ ወይም ልጅቱ ምን ትላለህ፣ ምን ትያለሽ ተብለው አልተጠየቁም። ስለዚህ ደራሲው ሳያውጁ የፈረዱት ፍርድ እንዲህ ነው፤ ልጅን ወደ ሃይማኖት ትምህርት በመስደድ ረገድ የቤቱ ጽድቅ ልጁን አያድነውም፤ የቤቱ ዓለማዊነትም ብቻውን አያጠፋውም። የሚያድነውም የሚያጠፋውም ትምህርቱ ለማን ተብሎ እንደ ሆነ ነው። ትምህርት ለተማሪው ራሱ ሲሆን ምን እንደሚያፈራ ለማየት በእውነተኛው ዓለም የጎጃሟን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማሰብ ይበቃል፤ ሴት ሆነው፣ ዐይነ ስውር ሆነው፣ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ ጉባኤ ዘርግተው ለብዙ ወንዶች አስተምረዋል። ለእርሳቸው ቅኔ ጌጥ አልነበረም፤ ኑሮ ነበር።

አሁን ይህ ፍርድ በደቡብ ጎንደር ደጋ በታየው ልማድ ይፈተን። የጨዋ ልጅ አብነት ቤት የሚገባበት በር ከጥንት ጀምሮ አንድ አልነበረም። አንዱ በር መሬት ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የቤተ ክርስቲያን የሆነ የሰሞን መሬት የያዘ ቤት አገልግሎት ይገባው ነበርና፣ ከልጆቹ አንዱን ዲያቆን ወይም ቄስ ለማድረግ ይጥር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ባደረገ ጊዜ ይህ በር ተዘጋ። ሁለተኛው በር እንደ በዛብህ ያለ ስለት ነው። ሦስተኛው በር ችግር ነው፤ አባትና እናት የሞቱበት ወይም በቤቱ እንጀራ ያነሰበት ልጅ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ቁራሽ ለምኖ የሚያድርበት ቦታ አብነት ቤት ስለ ሆነ ወደዚያ ይሄዳል። አራተኛው በር የልጁ የራሱ ነው፤ አባቱ ለከብት ጠባቂነት ሲፈልገው፣ እርሱ የተማሪዎችን ዜማ ሰምቶ ልቡ ሸፍቶ ሌሊት ጠፍቶ የሚሄድ ልጅ ነው። ከአራቱ በሮች በንጹሕ መንፈሳዊ ፍላጎት የሚከፈት ቢኖር ምናልባት አራተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የልጅነት ጀብዱ የተቀላቀለበት ነው።

የሚደንቀው ግን የኔታ ከአራቱ በሮች በየትኛው እንደ ገባህ ብሎ አለመጠየቁ ነው። የአብነት ቤት ሥርዐት እንዲህ ነው፤ ክፍያ የለም፤ የአባት ሃይማኖተኛነት የሚመሰክር ወረቀት የለም፤ የእናት ጾም አይመረመርም። ልጁ ከመምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ከፊደል ይጀምራል፤ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌልን፣ መቶ ኀምሳውን መዝሙረ ዳዊት ይዘልቃል። ከዚያ በኋላ በዜማ ወይም በቅኔ ይለያል። ቅኔ ቤት ቢገባ ግስ እየገሠሠ፣ አገባብ እያጠና፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ሣር ክዳን ጎጆውን ራሱ ይሠራል፤ ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፤ ምግቡን ከውሻ እየታገለ ከመንደር ይለምናል። ጥያቄው ሁሉ ለልጁ ነው፤ ትችላለህን? ትታገሣለህን? ነገ ቅኔህን ይዘህ ትመጣለህን? ያልቻለ ይሄዳል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ማንም እንደ ከሐዲ አያየውም፤ ዳዊት ደግሞ የተመለሰ ገበሬ በየመንደሩ ሞልቷል፤ የጎረቤቱንም ደብዳቤ ሲያነብ ይኖራል። የካህን ልጅ የነበረው አለቃ ተክሌ ከአባቱ ከአለቃ ገብረ ሐና የተቀበለው አቋቋም በደብረ ታቦር ሲተከል፣ ከተማሪዎቹ የጨዋ ልጅ የትኛው፣ የካህን ልጅ የትኛው እንደ ሆነ ዛሬ የሚናገር የለም። ዝማሜው ከተስተካከለ የአባት ቤት አይጠየቅም።

የዚህ ልማድ ጥበብ የሚታወቀው ተቃራኒው በሚደረግበት አገር ሲመለከቱት ነው። በእንግሊዝ አገር ከመንግሥት ገንዘብ ከሚያገኙት ትምህርት ቤቶች ከሦስት አንድ የሚያህሉት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ናቸው። ተማሪ በበዛ ጊዜ ከነዚህ አንዳንዶቹ ቤተ ሰቡ ቤተ ክርስቲያን የሚመላለስ ልጅ ያስቀድማሉ። ከዚህ የተነሣ ልጃቸው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ ብቻ ቤተ ክርስቲያን መምጣት የሚጀምሩ ወላጆች እንዳሉ በዚያ አገር ጋዜጣ ብዙ ተጽፏል። በአየርላንድም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ስለ ሆኑ፣ ያልተጠመቀ ልጅ ቦታ በጠበበ ጊዜ ወደ ኋላ ይደረግ ነበር፤ እምነት የሌላቸው ወላጆችም ስለ ትምህርት ቤቱ ብለው ልጃቸውን የሚያስጠምቁበት ጊዜ ነበር። በአውሮጳ አቈጣጠር በ2018 የወጣው ሕግ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጅን በሃይማኖቱ ምክንያት እንዳያስቀሩ ከለከለ። እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ቤቱን ሲመረምር ቤቱ ማስመሰልን ይማራል፤ ልጁም ከፊደል በፊት የሚማረው የወላጆቹን ማስመሰል ይሆናል። የኔታ ቤቱን ስላልመረመረ የጋይንቱ ገበሬ ማስመሰል አላስፈለገውም። መሬት ፈልጎ የላከ መሬት ፈልጌ ነው ለማለት አያፍርም ነበር።

ሃይማኖቱን ሳይሆን ሌላ ጥቅም ፈልጎ ወደ ሃይማኖት ሰው መጠጋት ለደብረ ታቦር አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማይቱ ጥቂት ርቆ የሚገኘው ጋፋት የዚህ ሐውልት ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ቤት የተላኩት ሰዎች ወንጌል ሰባኪዎችም ባለ እጆችም ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ክርስቲያኑን ሕዝብ ወደ ሌላ እምነት እንዳያስገቡ ከልክለው እጃቸውን ፈለጉት። በ1859 ዓ.ም. በዚያው ቦታ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ተሠራ። ንጉሡ ግልጽ ነበሩ፤ የምፈልገው ይህን ነው፣ የማልፈልገው ይህን ነው አሉ። የነገሩ መጨረሻ በመቅደላ ምንም ያህል መራራ ቢሆን፣ ስለ ምን እንደ ተጠሩ ተጠሪዎቹ አልተጠራጠሩም። ልጁን በቄስ ወይም በመነኵሴ ትምህርት ቤት የሚያስገባው የዛሬው ከተሜም ሥነ ሥርዐቱንና ውጤቱን ሽቶ እንደ ሆነ ቢናገር ከዚህ ግልጽነት ይማራል።

ወደ መጽሐፉ ስንመለስ፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲመዘን አንድ ጕድለት ይገኝበታል። ደራሲው የበዛብህን መሰጠትና የበዛብህን መውደድ አስፍተው ጽፈዋል፤ የትምህርቱ ዘመን ግን ከፍቅሩ ዘመን ጋር ሲመዘን ገጹ ያነሰ ነው። ብዙ አንባቢ በዛብህን የሚያስታውሰው እንደ ተሳለና እንደ ወደደ ሰው ነው፤ ቅኔን እንደ ወደደ ሰው የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን የቅኔ መምህር እስኪባል ድረስ የደረሰ ሰው በግድ ብቻ እዚያ አይደርስም። ብፅዓት ልጅን ከጉባኤ ደጅ ያደርሰዋል፤ መወድስ ግን አያዘርፈውም። የወላጆቹ ስለት ወደ ትምህርት ቢያስገባውም፣ በውስጥ የያዘው የራሱ ፍቅር መሆን አለበት። ይህ የመጀመሪያው ፍቅሩ ከሁለተኛው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ በስፋት ቢታይ ኖሮ የመጽሐፉ ሐዘን ይበልጥ ይከብድ ነበር፤ በዛብህ ከወላጆቹ ስለት ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ ጋር ሲታገል በታየ ነበርና። ይህ ባለመስፋቱ አንዳንድ ቸኵሎ የሚያነብ ሰው መጽሐፉ የአብነት ቤትን የሚከስ ይመስለዋል። ክሱ ግን በትምህርቱ ላይ አይደለም፤ ትምህርቱንና ምንኵስናውን በአንድ ገመድ አስሮ በሕፃን አንገት ላይ ባኖረው ስለት ላይ ነው። ቦጋለና ውድነሽ ይማርልን ብለው ቢሳሉና የቀረውን ለልጁ ቢተዉት ኖሮ በዛብህ ሚስት አግብቶ ቅዳሴ የሚቀድስ ቄስ ወይም ጉባኤ የዘረጋ ሊቅ ሆኖ መኖር ይችል ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ለካህን ጋብቻን አልከለከለችምና።

እንግዲህ ከዚህ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ሰው ሁለት ትምህርት ሊወስድ ይገባዋል። ካህኑ የሚወስደው ይህ ነው፤ የጨዋውን ልጅ ስለ አባቱ ከደጅ አይመልሰው። የኔታ ያልጠየቀውን ጥያቄ ዛሬ የሚጠይቅ ሰው የአባቶችን ሥርዐት ጠበቅሁ ሊል አይችልም። ቤቱ ጠዋት አይጸልይ ይሆናል፤ ልጁ ግን የተማረውን ጸሎት ይዞ ሲገባ ቤቱ ሊሰማ ይችላል፤ ባይሰማም ልጁ ባለዕዳ አይደለም። በሌላ ወገን ደግሞ ልጁን ወላጆቹን እንዲገሥጽ መላክ፣ በቤቱ ላይ መስካሪ ማድረግ፣ ከተማሪነት ወደ ሰላይነት ማውረድ ነው፤ ይህ ለልጁም ለቤቱም ለቤተ ክርስቲያንም አይበጅም። ካህኑ እንደ ዔሊ ይሁን፤ ልጁን ይቀበል፣ ያስተምር፤ የሚጠራው ግን እርሱ እንዳልሆነ ይወቅ።

የተማረው ከተሜ የሚወስደው ደግሞ ይህ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያምኑበት ሃይማኖትና ሥነ ምግባር የማሳደግ መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ በ90ኛው አንቀጽ ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ሃይማኖት አያስተምርም፤ ሃይማኖት እንዲማር የሚፈልግ ወላጅ በፈቃዱ ሌላ በር ይፈልጋል። በፈቃድ የተደረገ ነገር ደግሞ ምክንያት አለው፤ ያ ምክንያት ለልጁ ሊነገረው ይገባል። አባት ራሱ የማያምነውን ነገር ልጁ እንዲያምንለት መላክ ከቦጋለ ስለት የባሰ ነው፤ ቦጋለ ቢያንስ የተሳለለትን አምላክ ያምን ነበር። ነገር ግን አባት ልጄ ሆይ፣ እኔ በዚህ ነገር ብዙ አልጸናሁም፤ የአያቶችህ ሀብት ግን ነውና ከኔ ይልቅ ዐዋቂ ከሆነ ሰው ተማረው፤ ስታድግ ራስህ ትፈርዳለህ ቢለው፣ ልጁ በሁለት ቤት መካከል የሚሰነጠቅበት ምክንያት ይቀንሳል። በትምህርት ቤት የሚሰግድ፣ በቤት የሚሳቅበት ልጅ ግን ሁለት ፊት ማብጀት ይማራል፤ ሁለት ፊት ያለው ልጅ ደግሞ ለሃይማኖቱም ለዓለሙም አይሆንም። እንደ ፊታውራሪ መሸሻም ትምህርቱን የቤት ጌጥ የሚያደርግ አባት፣ ልጁ ትምህርቱን የእውነት በያዘው ጊዜ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እርሱ ራሱ እንዳይሆን ይጠንቀቅ። ሥነ ሥርዐት ይማር ብሎ የላከው ልጅ ካህን ልሁን ብሎ ቢመለስ ምን ይለው ይሆን? መልሱን አስቀድሞ ያላሰበ አባት ልጁን ባይልክ ይሻላል።

ይህ ነገር በዚህ ጊዜ መታሰቡ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዐማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቈይተዋል፤ ደብተራቸውን ዘግተው የተቀመጡት ልጆች እጅግ ብዙ ናቸው። ደወል በማይደወልበት መንደር ያለ ልጅ የተማሪ ዜማ ወደ ሚሰማበት ደጅ ቢመለከት አያስደንቅም፤ ወላጁም ከሜዳ ይሻላል ብሎ ቢልከው አይነቀፍም። ይህ በር ችግር የከፈተው በር ነው፤ ከጥንቶቹ አራት በሮች ሦስተኛው ነው። በዚህ በር የሚገባው ልጅ የጨዋ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱም ከዚህ በፊት ስለ ዳዊትና ስለ ድጓ አስቦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ሲመጣ በችግሩ ቀን የገባበትን ትምህርት የዕድሜ ልክ ዕዳ አድርጎ የሚጽፍበት ሰው እንዳይኖር ያስፈልጋል። ፊደሉን ይቍጠር፤ ዳዊቱን ይድገም፤ ቢወድ ይቀጥል፤ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ ልሂድ ቢል ተመርቆ ይሂድ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ትምህርት የተጻፈ መጽሐፍ ነው ቢባል ብዙ ሰው ይገረማል። ነገር ግን ከዲማ ጉባኤ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ እልፍኝ የሚወስደውን የበዛብህን መንገድ እየተከተለ ዳግመኛ የሚያነበው ሰው፣ ከፍቅሩ ታሪክ በታች ያለውን የሁለት ቤት ታሪክ ያገኛል፤ የሰጠውን ቤትና ያስመጣውን ቤት። ካህንም ሆነ ከተሜ፣ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ የገዛ ቤቱ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል ቢመረምር፣ ደራሲው የደከሙበት ነገር ከንቱ አይሆንም።